የሳምራዊው ቤተ ሰብ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማ በርን ጉምና ውርጭ ተሻግሮ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1300 ሜትር ያህል ላይ ካለችው ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ በዚያችም ጥቂት ሰዓት ገብሱ በማሽላ፣ በርኖሱ በሽርጥ፣ የደጋው ሳል በቆላው ንዳድ ሲተካ ስለሚያይ፣ አንድ አገር ሳይጨርስ ሁለት ዓለም የዞረ ይመስለዋል። ይህን ቁልቁለት የወረደ የወንጌል አንባቢ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደውን መንገድ ቢያስታውስ አይፈረድበትም፤ ያም እንደዚህ ከተራራ ላይ ከተማ ወደ ሐሩር ሸለቆ የሚያወርድ፣ ወንበዴ የሚያደባበት፣ መንገደኛም ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመጨረስ የሚቸኩልበት መንገድ ነበርና።

በዚያ መንገድ ስለ ወደቀው ቁስለኛና ስላነሣው ሳምራዊ የጻፈልን ከአራቱ ወንጌላውያን ቅዱስ ሉቃስ ብቻ ነው፤ ሉቃስም ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት መስክሮለታል። ታሪኩን የሐኪም ዓይን እንዳየው ከዝርዝሩ ይታወቃል፤ ቁስሉ መታሰሩ፣ ዘይትና ወይን መፍሰሱ፣ ድውዩ በማን ከብት እንደ ተጫነ፣ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ስንት ዲናር እንደ ተከፈለ ሳይቀር ተጽፏል። ሰባኪዎቻችን በዚህ ታሪክ ሲያስተምሩ አይተው ያለፉትን ካህንና ሌዋዊ ይወቅሳሉ፣ ሳምራዊውን ያመሰግናሉ፤ የሚገባም ነው። እኔን ግን ዘወትር የሚያሳስበኝ በዐውደ ምሕረት ላይ ሲነሣ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። ሳምራዊው መንገደኛ ነበር፤ መንገደኛም ከሆነ የሚጠብቀው ቤት ነበረው ማለት ነው። በዚያች ሌሊት የማያውቀውን ሰው ሲያስታምም ሲያድር፣ በራሱ ቤት ይመጣል ተብሎ እራቱ የተቀመጠለት፣ ልጆቹም አባታችን ዛሬ ለምን ዘገየ እያሉ ያመሹ እንደ ሆነስ? የጎደለውን ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል የገባው ለማደሪያው ባለቤት ነው፤ ለሚስቱና ለልጆቹ የገባው ቃል በየትኛው ወንጌል ተጻፈ?

የጦር ሜዳ ሐኪም የዚህ ጥያቄ እውነተኛ ባለቤት ነው። በሰላም ጊዜ ሐኪምና ድውይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሐኪሙ የደም ሥሩን ይዳስሳል፣ ምላሱን ያያል፣ ትኩሳቱን በእጁ ጀርባ ይለካል፤ የሕክምና ጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ የቅርበት ጥበብ ነውና። በጦርነት ጊዜ ግን ፋሻው ያልቃል፣ ማደንዘዣው ያልቃል፣ ኪኒኑ ያልቃል፤ ያን ጊዜ እጅግ የሠለጠነው እጅ ካልሠለጠነው እጅ አይሻልም፤ ስለዚህም አንድ ሰው ከአልጋው አጠገብ ተነሥቶ፣ ሁሉ ወደ ሞላለት አገር ሄዶ፣ ደጅ መጥናት ይኖርበታል። ርኅራኄ በዚህ ቦታ ከራሷ ጋር ትጣላለች፤ ብዙዎቹን ለማዳን በፊቷ የተኛውን አንዱን ትታ መሄድ አለባትና። የሄደውም ሐኪም የሁለት ወገን ባለዕዳ ይሆናል። አንደኛው ዕዳ ለተዋቸው ቁስለኞች ነው፤ ይህን መድኃኒት ይዞ በመመለስ ሊከፍለው ይችላል። ሁለተኛው ዕዳ ለቤተ ሰቡ ነው፤ ይህ በመድኃኒት የሚከፈል ስላልሆነ፣ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ብቻ በየጊዜው በወረቀት ይላካል። ሐኪም ከሩቅ አገር ለቤቱ የሚጽፈውን ደብዳቤ እኔ የማየው እንደዚህ ያለ ወለድ አድርጌ ነው።

ለዚህ ነገር ከአገራችን ታሪክ ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሚበልጥ ምስክር አላገኘሁም። በጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ በአምባው ከተገኙት ሕፃናት አንዱ ሆነው በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ አገር ተወሰዱ፤ ቻርልስ ማርቲን የሚባል ስም ተሰጥቷቸው በላሆር ሕክምና ተማሩ፣ በኤዲንብራ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፣ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ናቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የአባታቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ዘመዶቻቸውም ያወቋቸው በሰውነታቸው ላይ በቀረ ጠባሳ ነው። የሰው ቁስል ሊያክም የመጣ ሰው የገዛ ቤተ ሰቡን በገዛ ቁስሉ ምልክት አገኘ፤ ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ አበዛው እንለው ነበር። ከዚያ በኋላ ዐፄ ምኒልክን አክመዋል፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስተዳድረዋል፣ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነዋል፤ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ በደረሰበት፣ ከጣሊያን ጋር የሚደረገው ጦርነትም እንደማይቀር በታወቀበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ተብለው ወደ ለንደን ተላኩ።

ሽማግሌው ሐኪም በለንደን ምን ሠሩ ቢባል፣ ለመኑ። በዚያ ክረምት የእንግሊዝ መንግሥት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር፤ ይህም እኩልነት የሚመስል ፍርድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያላትን ጣሊያንን ሳይነካ፣ ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ብቻ ትጥቅ አስፈታ። ሐኪሙም ብድር ጠየቁ፣ ለቀይ መስቀልና ለአገር መከላከያ የሚሆን ርዳታ ጠየቁ፣ በጋዜጣ ጻፉ፣ በጉባኤ ተናገሩ፤ ከሲልቪያ ፓንክኸርስትና ከመሰሎቿ የእውነት ወዳጆች ጋር ተገናኙ። የሚያስገርመው ለዚህ ልመና የተመረጠው ሰው ሐኪም መሆኑ ነው። የደም ሥር ሲዳስስ የኖረ እጅ አሁን ማመልከቻ ይጽፋል፤ ድውዩን ያይ የነበረ ዓይን አሁን ድውዩ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ድውዩን ለሌሎች ማሳየት አለበት። በአገር ቤት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር፤ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተሰበሰቡት ወይዛዝርትም ፋሻ ይቀዱና ይጠቀልሉ ነበር። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድ፣ ከግብፅና ከእንግሊዝ አምቡላንሶች መጡ። አንድ የቀይ መስቀል ካሚዮን ሊዘምት ሲነሣ ጭነቱ ትንሽ አይመስልም፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን በሚቆስልበት ሜዳ ሲራገፍ ግን ከእፍኝ አይበልጥም።

እነዚህ ካሚዮኖች ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ሲሄዱ የሚያልፉት በይፋት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ በጣርማ በር ወርዶ የሮቢትን ሜዳ ያቋርጥ ነበርና፣ ይህ ቆላ በ1928 ዓ.ም. የመድኃኒት መተላለፊያ ሆነ። እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ፤ ይፋት ለሐኪምና ለመድኃኒት እንግዳ አገር አይደለምና። ከባሕሩ ወደብ ከታጁራ የተነሣ ሲራራ በአፋር በረሃ አቋርጦ በዓልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር የሚወጣው በዚህ ጠረፍ ነበር፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1834 ዓ.ም. ገደማ፣ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በዚያው መንገድ መጥቶ በዓልዩ አምባ ቤት ተከራይቶ ሲቀመጥ፣ ሌላውን ከማከም ይልቅ ራሱ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜውን ተኝቶ አሳልፏል። ደገኛው ቆላውን የሚፈራው በከንቱ አልነበረም፤ ማሳውን በቀን አርሶ ሲመሽ ወደ ደጋው የሚመለሰው፣ ሌሊቱ የትንኝ መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመቃብር ስለ ተማረ ነው። በዚህ መንገድ ያለፉት የ1928 ዓ.ም. አምቡላንሶች እንግዲህ ገና ጣሊያን ያቆሰለውን ሰው ሳያዩ የሚያክሙት በሽተኛ በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ይጠብቃቸው ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ከእነዚያ መንገደኞች አንዱ ዶክተር ጆን ሜሊ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ሆስፒታልና ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የሚሆን የሕክምና ትምህርት ቤት ለማቋቋም አስበው፣ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣም ያን ሐሳብ ትተው የእንግሊዝን አምቡላንስ አቋቋሙ፣ በበርበራ በኩልም አስገቡት። እንግዲህ እኚህ ሰው ከሐኪም ወርቅነህ ጋር እንደ መስተዋት ይተያያሉ፤ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ለኢትዮጵያ ሊለምን በእንግሊዝ አገር ሲቀመጥ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም በእንግሊዝ ለምኖ ያገኘውን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ወረደ። ዶክተር ሜሊ ለቤተ ሰባቸው ይጽፉ ነበር፤ እኅታቸው ካትሊን ኔልሰን ከአለን ሱሊቫን ጋር ሆነው እነዚህን ደብዳቤዎች ሰብስበው በ1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ከአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ገበሬ እንዴት እንዳቃጠለው፣ ያዩትንም ነገር ጦርነት ብለው መጥራት እንዳቃታቸው በዚያ ውስጥ ይገኛል። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቡላንሳቸው በቆረም ሜዳ ላይ፣ ቀይ መስቀሉ ከሰማይ በግልጽ እየታየ፣ በቦምብ ተመታ፤ ከዚያም በፊት ታኅሣሥ 20 ቀን የስዊድን አምቡላንስ በመልካ ዲዳ ተመትቶ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆስለው ነበር። ዶክተር ሜሊ ከቆረም ተርፈው አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከከተማዪቱ ከወጡ በኋላ ዝርፊያው ሲነድ፣ በየመንገዱ የወደቁትን ቁስለኞች በመኪና ሊያነሡ ወጥተው ሳሉ በጥይት ተመቱ፤ በዚያው ሰሞንም ዐረፉ። ሉቃስ የጻፈው ሳምራዊ ወደ ቁስለኛው የደረሰው ወንበዴዎቹ ከሄዱ በኋላ ነበር። እኚህኛው ወንበዴዎቹ ገና ሳይሄዱ ደረሱ።

ካፒቴን ጄራልድ ቡርጎይን ደግሞ ሐኪም አልነበሩም፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አሮጌ ወታደር ሆነው ሳለ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልን መድኃኒት በበቅሎ ጭነው ከደሴ ወደ ራስ ሙሉጌታ ጦር ለማድረስ የተነሡ ሰው ናቸው። ወደ አምባ አራዶም ሄዱ፤ ጦሩ ሲሸሽ አብረው ሲመለሱ በ1928 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ተገደሉ። ሚስታቸው ክላሪሳ የባላቸውን ደብዳቤዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠብቀው ኖረው፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በመሠረተችው በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት አሳተሙ። የዚህች ሴት ትዕግሥት ከብዙ የጦር አዛዦች ጀግንነት ይልቅ ይከብደኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድን ሰው በሕይወት የሚያቆየው ወረቀት ነው፤ ቢታተም ለሁሉ ይሆናል፣ ባይታተም የእርሷ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከሁለቱ የትኛው ክብር እንደ ሆነ ለመምረጥ ይህን ያህል ዘመን ቢፈጅባት የሚወቅሳት የለም።

የርዳታ መጠየቂያንና የቤተ ሰብ ደብዳቤን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት ሃይማኖቶች ያገኘ ይመስለዋል። መጠየቂያው ይቆጥራል፤ ይህን ያህል ፋሻ፣ ይህን ያህል አዮዲን፣ ይህን ያህል አልጋ ይላል፤ መቁጠሩም ኃጢአት አይደለም፣ ያልቆጠረ ሐኪም ግማሹን ቁስለኛ ሜዳ ላይ ያስቀራልና። ነገር ግን ቍጥር የሰውን ልጅ ሁሉ እኩል የሚያደርገው ስሙን በማጥፋት ነው። ደብዳቤው በተቃራኒው መቁጠር አያውቅም፤ ስለ አንዲት ልጅ ጥርስ መውጣት፣ ስለ ግቢው ዛፍ፣ ስላልተከፈለ የቤት ኪራይ ይጠይቃል፤ ከተራራው ማዶ ዐሥር ሺህ ሰው እያለቀ እንኳ ይህን ይጠይቃል። አንዳንድ ጥብቅ ሰዎች ይህን ያነበቡ እንደ ሆነ፣ ሕዝብ ሲያልቅ ስለ ጥርስ ይጻፋልን ብለው ይዘባበታሉ። እኔ ግን ስለ ልጁ ጥርስ መጠየቅ የተወ ሐኪም ስለ ሌላው ልጅ እግርም ብዙ ጊዜ አያስብም እላለሁ። ብዙዎችን የሚወድድ ሰው አንዱን መውደድ ከረሳ፣ ፍቅሩ ቀስ በቀስ ወደ መዝገብ ይለወጥና የዕቃ ቤት ሹም ይሆናል። የዕቃ ቤት ሹም ያስፈልጋል፤ ሐኪም ግን አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክቱ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ትተውት እንደ ሄዱ፣ ከእርሱ ጋር የቀረው ሉቃስ ብቻ እንደ ሆነ ከተናገረ በኋላ፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን ይዞለት እንዲመጣ ይለምነዋል። ከታላላቅ ምሥጢራት ቀጥሎ ብርድ መምጣቱ፣ በርኖስም ማስፈለጉ ይጻፋል፤ ናፍቆቱና ችግሩ በአንድ ብራና ላይ ያለ ኀፍረት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሐኪሙ ሉቃስም ከዚያ እስር ቤት ለራሱ ዘመድ የጻፈው ደብዳቤ ባይደርሰንም፣ ወንጌሉንና የሐዋርያትን ሥራ ሁለቱንም ሲጽፍ የሚናገረው ለአንድ ሰው፣ ለቴዎፍሎስ ነው። ለአንድ ሰው የተጻፈው ለዓለም ሁሉ ደረሰ። የሜሊ እኅት ያስቀመጠችው ወረቀት ዛሬም ሲነበብ፣ በዚያው ዘመን ለዓለም ሁሉ የተበተኑት የርዳታ መጠየቂያዎች ብዙዎቹ በየመዝገብ ቤቱ ቢጫ ሆነው ቀርተዋል።

ደብዳቤ የሚደብቀውስ? በአገራችን ልማድ ደብዳቤ የሚጀምረው የተቀባዩን ጤና በመጠየቅና የላኪውን ደህንነት በማብሠር ነው፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ታማሚም፣ እስረኛም፣ በጥይት መካከል ያለ ወታደርም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብሎ ይጀምራል። ከጦር ሜዳ የሚጽፍ ሐኪም ይህን ሲጽፍ ደህና እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ ራሱ ያውቀዋል፤ የራሱን ትኩሳት ለክቷል፣ የእንቅልፉን ማነስ ቆጥሯል። ይህን ውሸት የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሐኪም በድውዩ ፊት ምን ያህል እውነት በስንት ቀን እንደሚሰጥ ያስባል፤ አቅሙን ያየ ሐኪም ሁሉን በአንድ ጊዜ አያወርድበትም፤ በቤቱ ላሉትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ደግሞም ከደሴ ግንባር የተጻፈ ወረቀት በበቅሎ ወይም በካሚዮን አዲስ አበባ፣ በባቡር ጅቡቲ፣ በመርከብ አውሮፓ እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚያልፉ፣ ደህና ነኝ የሚለው ቃል በሚነበብበት ቀን ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ጸሐፊውም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ስለ ትናንት የሚሰጥ ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ ስለ ነገ የሚደረግ ጸሎት ይሆናል። በጸሎት ውስጥ ደግሞ ውሸት የሚባል ነገር የለም።

ወደ ሐኪም ወርቅነህ እመለሳለሁ፤ የዚህ ነገር ሸክም በሙሉ የወደቀው በእርሳቸው ላይ ነውና። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ገብተው ነበር፤ የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላም በምዕራብ በኩል ከተነሣው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሆኑ። አባት በለንደን፣ ልጆች በጎሬ ወገን። ጎሬ በዚያን ጊዜ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው በጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ ጀልባ ካርቱም በሚደርሰው መንገድ ነበር፤ ያም ቢሆን ወንዙ ሲሞላ ነው። ለሌሎች ልጆች ፋሻ ሲለምኑ የሚውሉት አባት፣ ለራሳቸው ልጆች ቁስል የሚሆን ፋሻ በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሳያውቁ ሣጥኖቹን ሁሉ መላክ ነበረባቸው። ከዚህ የሚበልጥ የእኩልነት ትምህርት በየትኛውም ፍልስፍና አላነበብሁም፤ የማያውቀውን ሰው ሁሉ እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ብርቱ ነው ይባላል፤ እኚህ ሰው ግን ልጆቻቸውን ከማያውቁት ሰው ሁሉ መካከል እንደ አንዱ እንዲያዩ ተገደዱ። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከተማረኩ በኋላ የጥቁር አንበሳ ሰዎች ተበተኑ፣ ተያዙም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በተደረገው እልቂት የተማሩት ወጣቶች እየተፈለጉ ሲገደሉ፣ ቢንያምና ዮሴፍም አብረው ተገደሉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ በለንደን ሰላም ባለበት ቤት የተቀመጠ አባት ልጆቹን ለምን አላስቀረም ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ሥሩን ያልመረመረ ነው። ልጆቹን በእንግሊዝ አገር ሸሽጎ ለሰው ልጆች ርኅራኄ የሚለምን አባት ልመናው ምን ፊት ይኖረው ነበር? ልጆቹንም የላኳቸው አባታቸው ብቻ አልነበሩም፤ በሕፃንነት ከመቅደላ የተወሰደው ብላቴና ሰው ሆኖ በገዛ ፈቃዱ ወደ አገሩ መመለሱ በቤታቸው የተነገረ ታሪክ ከሆነ፣ ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ አገሩ ስትወረር በሩቅ ቆሞ ሊመለከት አይችልም። ይህን ስናገር ሐዘኑን አቃልዬ እንዳይመስልብኝ። እናታቸው ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ናቸው፤ ስማቸው የሚነሣው ከባለቤታቸው ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው፤ በእኔ ዘንድ ግን የሳምራዊው ቤት የተባለው የእርሳቸው ቤት ነው። ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

እስካሁን የጠቀስኋቸው ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። በሮቢት ሜዳ ካሚዮን ከጭቃ ያወጡት፣ የመድኃኒት ሣጥን በጫንቃቸው የተሸከሙት፣ በአምቡላንሱ ውስጥ ድሬሰር ሆነው ቁስል ያጠቡት፣ በቅሎ የነዱት ግን አብዛኞቹ አይጽፉም ነበር። እነርሱም ቤት ነበራቸው። የይፋት ሰው ወሬ የሚልከው በገበያ ነው፤ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው ሲገናኝ፣ የእገሌ ልጅ ደህና ነው፣ ከወልድያ ወዲህ ታይቷል የሚለው ቃል ከጨውና ከማሽላ ጋር ተላልፎ ከእናቱ ዘንድ ይደርሳል። መጻፍ ያስፈለገ እንደ ሆነ ደብተራው ወይም ሼኹ ይጽፋል፤ የሚስት ናፍቆት በሌላ ወንድ ብዕር አልፎ ስለሚሄድም ብዙው ነገር በአክብሮት ቃል ተሸፍኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ ከአፍ ወደ ጆሮ ሄዶ ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሯል። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶልዮ ጦር በዚሁ ሜዳ አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ የጣሊያን ጋዜጠኞች የእያንዳንዱን ቀን ጉዞ ጽፈዋል፤ ከመንገዱ ዳር ሆነው ያዩት ግን ያዩትን የተናገሩት ለልጆቻቸው ብቻ ነው።

ጦርነት በኅዳር 2014 ዓ.ም. እንደገና በዚሁ መንገድ መጥቶ ሸዋ ሮቢት ገባ። በአማራ ክልል ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች መድኃኒት ሰብስበው ለመላክ ደከሙ፤ በዚያው ዓመት በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችም መድኃኒት አልቆብናል እያሉ ለዓለም ጻፉ። በዚህ ጊዜ የቤተ ሰብ ደብዳቤ በበቅሎም በመርከብም አልሄደም፤ ስልክ ሲኖር በአንድ ቅጽበት ደረሰ፣ ስልክ ሲቋረጥ ደግሞ ለወራት ጨርሶ ጠፋ። በአያቶቻችን ዘመን ወሬ ይዘገይ ነበር እንጂ እንደዚህ በአንድ ቀን ለሁሉ አይቆረጥም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው ለእናት ልብ እንደሚከፋ መፍረድ ይቸግረኛል። ያም የስልክ መልእክት ዕቃው ሲሰበር አብሮ ይሰበራል፤ ክላሪሳ ቡርጎይን ያደረጉትን ማድረግ የምትፈልግ የይፋት ሴት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በእጇ የሚቀራት ምንድር ነው?

ወመዘክር የመንግሥትን ደብዳቤ ይጠብቃል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሊቃውንትን ብራና ይሰበስባል፤ ሁለቱም መልካም ነው። ለይፋት ግን በቅርብ ያለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ፣ በዚያ ቤት አንድ መደርደሪያ ለቤተ ሰብ ደብዳቤ ቢለይ፣ ወረቀቱም ቢሆን የስልኩ መልእክት ግልባጭ፣ የነርሱም ቢሆን የሹፌሩ፣ የክርስቲያኑም ቢሆን የእስላሙ፣ ያሸነፈውም ቢሆን የተሸነፈው ወገን፣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ ብቻ ተቀብሎ ቢያኖር እመክራለሁ። ስለ ጦርነቱ ሊጽፍ የሚመጣ የታሪክ ሰው የመድኃኒቱን ሣጥን ቍጥር ከሌላ ቦታ ያገኘዋል። ወደዚህ መደርደሪያ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ሣጥኑን ሊያመጣ የሄደው ሰው በዚያች ሌሊት የት እንዳደረ ቤቱ ሰምቶ እንደ ነበረ ይሁን።